የጎጃም የብስክሌት መንገድ፦ ከፈረንጁ በፊት ለስንቅ ተሸካሚው

በደህናው ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ከፍኖተ ሰላም የሚወጣውን መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል። ተማሪዎች ባዶ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ወደ ገጠር ይነጉዳሉ። እሁድ ማታ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። በከተማ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ሳምንቱን የሚገፉት በዚያ ስንቅ ነው። መንገዱ ለአንዱ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው አራት ሰዓት ይፈጃል። ብስክሌት ያለው ግን ከመካከላቸው እምብዛም አይታይም።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር የሚታያቸው ሰዎች አሉ። በፈረንሳይ ገጠር እንደሚደረገው፣ የብስክሌት ጎብኚዎች ሻንጣቸውን ከኋላ አስረው ከከተማ ከተማ ሲንሸራሸሩ፣ በየፔንሲዮኑ ሲያድሩ፣ ዩሮና ዶላር ሲያወጡ ይታያቸዋል። ሕልሙ በራሱ መጥፎ አይደለም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ጎብኚው አንደኛ ተቀምጧል፤ ስንቅ ተሸካሚው ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለ ዕቅድ ደግሞ ፍትሕ የጎደለው ብቻ አይደለም፤ በንግድ ዓይንም ቢታይ አያዋጣም።

የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በደምበጫና በጅጋ በኩል ፍኖተ ሰላም ለመድረስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለለመደ ብስክሌተኛ የአንድ ቀን መንገድ። (ደምበጫ ላይ አረቄ የቀመሰ ሁለት ቀን ቢይዝ ይሻለዋል።) ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በመካከሉ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱባት ማንኩሳ። ልብ ወለዱን ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃታል፤ በአውቶቡስ ያለፈው አብዛኛው መንገደኛ ግን ሳያያት አልፏታል። ከቡሬ የበርበሬ ማሳ ወደ ጥሊሊ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የአዊ ምድር ይጀምራል። ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ዘንገና ሐይቅ አለ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የደረሰ ሰው የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያያል፤ ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ደግሞ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይደርሳል።

ታሪኩም እዚያው አስፋልቱ ላይ ነው ያለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ከሱዳን ሲገቡ የመጡት በዚህ በጎጃም በኩል ነው። የጣሊያን ጦር በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መስመር አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከእርሳቸው እንደሆነ ይነገራል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ወደዚህ ስም መመለስ የግድ ይሆናል።

ፈረንሳይን የሚጠቅሱት ሰዎች ፈረንሳይን በደንብ ቢያዩ ጥሩ ነበር። በሏር ወንዝ ዳር የሚሄደው ዝነኛ የብስክሌት መስመር 900 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉ ግን ለጎብኚ ተብሎ እንደ አዲስ የተዘረጋ አውራ ጎዳና አይደለም፤ መኪና የማይበዛባቸው የመንደር መንገዶችና የወንዝ ዳርቻዎች በምልክት ተያይዘው ነው መስመር የሆኑት። ለብስክሌተኛ ተስማሚ ተብሎ ምልክት የሚሰጠው ማረፊያ ከመስመሩ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የተበሳ ጎማ መጠገኛ ዕቃ ሊኖረው ይገባል። በኮከብ ብዛት አይደለም የሚመዘነው። ሕጉም አለ፦ ብስክሌተኛን የሚያልፍ መኪና በከተማ ውስጥ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። ይህ ሕግ የቆመው ለጎብኚ አይደለም። ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅም፣ ዳቦ ለመግዛት ለወጣች አሮጊትም ነው። ጎብኚው የመጣው እነርሱ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው።

አሁን ይህን 1 ሜትር ተኩል ይዞ ወደ ቡሬ መንገድ ይመጣ። በ2013 ዓ.ም. ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተጨምሮ፣ ቡሬ የከባድ መኪና ከተማ እየሆነች ነው። ፋብሪካው መምጣቱ ደግ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን የጭነት መኪናው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከብቱና እግረኛው በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። የአይሱዙን ነገር መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ከጠራው ቆይቷል። ከመንገዱ ዳር የሚራመደው ስንቅ ተሸካሚ ጥሩምባ በሰማ ቁጥር ቦይ ውስጥ ይዘላል። ለእርሱ ደህና ያልሆነ መንገድ ለሊዮን ከተማ ጡረተኛ እንዴት ደህና ይሆናል?

ከዚያ የድንጋዩ ጉዳይ አለ። ይህ በአደባባይ የማይወራ፣ በሆቴል አዳራሽ ስብሰባ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጠ የውጭ ሰው ስለ ተራራው ከጻፈ ስለ ድንጋይ ወርዋሪ ሕፃናትም ይጽፋል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚካሄደው ታላቁ የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ሲያነሳ ከዓባይ በረሃ ዳገት ቀጥሎ የሚነሳው ይኸው ነው። «ዩ! ዩ! ዩ!» የሚል ጩኸት፣ «ማኒ!»፣ «ሃይላንድ!»፣ ቀጥሎ ጠጠር።

የተለመደው ምላሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መካድ ነው፦ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ላይ የተለጠፈ ስም ማጥፋት»። ሁለተኛው ቀበሌው ልጆቹን ይቅጣ የሚል ነው። ሁለቱም ልጁን አላዩትም። ያ ልጅ ድንጋይ መወርወር ሥራው ነው። ከማለዳ ጀምሮ ከእህል የገባችውን ላም የሚመልሰው፣ ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚያባርረው፣ ዝንጀሮ የሚከላከለው በድንጋይና በወንጭፍ ነው። በፊቱ የሚያልፈው ባዕድ ደግሞ ሰላም ሳይል፣ ሳይቆም፣ አንድ የመንደር ሰው የዓመት ገቢ የሚያወጣ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ራስ ይፈነክታል፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም፣ አይገባምም። ነገር ግን ወንድሙ በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ብስክሌተኛ ሲያይ የሚያነሳው ድንጋይ አይሆንም፤ እሽቅድምድም ነው የሚጀምረው። ብስክሌት እንግዳ የሆነበት ገጠር ብስክሌተኛውንም እንግዳ ያደርገዋል።

«ኢትዮጵያዊ ከብስክሌት ጋር ምን አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ አለው። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከቡድኗ ውስጥ ብስክሌተኞች ነበሩ። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያው ከጎጃም መንገድ ጫፍ ያለችው ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን የብስክሌት ከተማ ተብላ ኖራለች፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ እናቶች ሳይቀሩ ይነዱ ነበር። ባጃጅ መንገዱን ሲሞላው ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፋ፤ ያስቆመው አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ትራንስፖርት ሚኒስቴር የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ቀለም ቀብታለች። ቀለሙ ጅጋ አልደረሰም።

የሚገርመው፣ ለብስክሌት የሚሆነው መንገድ ገጠሩ ውስጥ ተሠርቶ መኖሩ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌን ከቀበሌ ያገናኘው የዩራፕ የጠጠር መንገድ በሏር ዳር ካሉት የመንደር መንገዶች ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው፦ መኪና አይበዛበትም። የዓለም ብስክሌተኛ ደግሞ አስፋልት ሰልችቶት ጠጠር መንገድ ፍለጋ በሚዞርበት ዘመን ነው። ከገበዝ ማርያም ገጠር፣ ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ወደ ገበያ የሚያወጣው መንገድ ለሁለቱም ይሆናል፤ ለስንቅ ተሸካሚውም፣ ለጎብኚውም። ነገር ግን ብዙ ቦታ ክረምት ቱቦውን ጠርጎ፣ ጠጠሩን አጥቦ ወስዶታል። ምረቃው ሪባን ነበረው፤ ጥገናው በጀት የለውም። ለአዲስ ሎጅ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን በቀላሉ ይገኛል። ቱቦ ለመጠገን ካሜራ አስከትሎ የሚሄድ ግን ታይቶ አይታወቅም።

አሁን ወደ ስሙ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ይህ ሁሉ አገር ጦርነት ውስጥ ነው። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ በወቅቱ ለዜና ማሰራጫዎች ገልጿል። መንገዱ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ እንደገና ተዘግቷል። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እና በዚህ መሃል ስለ ብስክሌት ማውራት ቅብጠት አይደለምን? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለጎብኚ ከሆነ አዎ፣ ቅብጠት ነው። አንድም አስጎብኚ ዛሬ በዚህ መስመር ጉዞ ሊሸጥ አይገባም፤ የሚሸጥ ካለ በሰው ሕይወት ይቀልዳል። «ሰላም ሰፍኗል» እያሉ በቪዲዮ ሐይቅና ፏፏቴ የሚያሳዩትም ከእርሱ አይሻሉም።

ለስንቅ ተሸካሚው ግን ቅብጠት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ተመላሽ የሚያጣው በመንገዱ ርቀትና በቤት ኪራዩ ጭምር ነው። ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይታ እንድትኖር የማይፈቅዱ እናትና አባት ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። አራት ሰዓት በእግር የሚወስደው 20 ኪሎ ሜትር በብስክሌት አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ዳገቱ ከከፋ ሁለት። ያቺ ልጅ ማታ ማታ ቤቷ ታድራለች ማለት ነው።

ስለዚህ የመልሶ ግንባታው ገንዘብ ሲመጣ፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት፣ የሚጠየቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው። አስፋልቱ ሲታደስ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ዳሩ ለብስክሌትና ለእግረኛ 1 ሜትር ተኩል ይኑረው። የዩራፕ ቱቦዎች በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ፤ ሥራው ለየቀበሌው ወጣት በክፍያ ይሰጥ። በየገበያው ከተማ ያለው ጎሚስታ የብስክሌት ዕቃ የሚያገኝበት ብድር ይመቻችለት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በውሰት የሚሰጡት ብስክሌት ይኑራቸው፤ የመጀመሪያዎቹም ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ሴቶች ይሰጡ። የማንኩሳ ፔንሲዮን ባለቤት ለፈረንጅ የሚሆን አልጋ ስለማዘጋጀት የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ማንም ሳይመክረው ያስባል።