የተጋጨ መኪና፥ የመድን ውልና የባለንብረቱ መብት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የወሎ ሰው አይገኝም። ርቀቱ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን መንገደኛው ከደጋው ጉም ተነሥቶ፥ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ፥ ቦርከና ዳር እስኪደርስ ድረስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቍልቍል ይወርዳል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና፥ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ፥ የከተማው ባጃጅና የቤተ ሰብ ኦቶሞቢል ሁሉ በዚሁ አካባቢ ይገናኛሉ። ስለዚህ ግጭት መኖሩ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከግጭቱ በኋላ የሚሆነው ነው። ነፍስ ተርፎ ቆርቆሮ ብቻ ተጨማድዶ ሳለ፥ ቤተ ሰቡ ለወራት ሲንገላታ እናያለን። ይኸውም መድን ሳይገባ ቀርቶ አይደለም፤ ገብቶ ሳለ ነው።

ብዙ ባለንብረቶች በመድን ድርጅቱ መስኮት ፊት ሲቆሙ ደጅ እንደሚጠና ሰው አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህ ለምን ይሆናል? አረቦኑ በየዓመቱ ተከፍሏል፤ አደጋው ደረሰ፤ እንግዲህ ካሳው ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ መድን ሰጪው አደጋው በደረሰ ጊዜ በውሉ በተወሰነው ቀን እንዲከፍል ያዛል። ይህ የሕጉ ክፍል ዛሬም የጸና ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የተሻሩት የቀድሞው ሕግ ሌሎች መጻሕፍት እንጂ፥ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ አይደለም።

አስቀድመን አንድ ስሕተት እናርም። በመኪናው መስተዋት ላይ የተለጠፈችው ምልክት የሦስተኛ ወገን መድን ምስክር ናት። ይህ መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 559 ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 799 ተተካ። የተደነገገውም መኪናችን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የራሳችንን ፓራፋንጎ አያቃናም፤ የራሳችንን ፋናሌም አይተካም። ለራስ መኪና ጥገና የሚከፍለው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ መድን ነው። ሙሉ መድን የሌለው ሰውም ቢሆን ጥፋቱ የሌላው ሲሆን ከዚያው ከሌላው ባለመኪናና ከእርሱ የሦስተኛ ወገን መድን መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው፤ በ2005 ዓ.ም. ሲታወጅ ለንብረት ጉዳት የተወሰነው 100,000 ብር ነበረ። የዛሬውን ልክ ውሉ በሚታደስበት ቀን ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ጥፋቱ የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2084 የሚለውን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁታል። ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይገምታል፤ የሁለቱም ጉዳት ተደምሮ እያንዳንዱ ባለቤት እኩሌታውን ይሸከማል። አደጋው በሙሉ ወይም በይበልጥ በአንደኛው ነጂ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ ይህ ግምት ይፈርሳል። የዚህን ፍሬ ነገር በቍጥር እንየው። የእኛ ትንሽ መኪና ጉዳት 100,000 ብር፥ የከባዱ መኪና ጉዳት 500,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 600,000 ብር ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 300,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ እኛ የራሳችንን 100,000 ብር ከተሸከምን በኋላ ለከባዱ መኪና ባለቤት ገና 200,000 ብር እንጨምራለን ማለት ነው። «እኔ ምንም አላጠፋሁም» ብሎ በልቡ ተማምኖ ያለ ማስረጃ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው ሒሳብ ይህ ነው።

ስለዚህ የመብቱ መሠረት የሚጣለው በመንገዱ ላይ ነው። ሰው ተጎድቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ነፍስ ይታደጉ፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ጉዳቱ የንብረት ብቻ ከሆነ ግን የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ድረስ መኪናዎቹን ከቦታቸው ማንቀሳቀስ መብትን ማጥፋት ነው። የጎማው ምልክት የት ጀምሮ የት አቆመ? መኪናው ከመካከለኛው መሥመር በየትኛው ወገን ቆመ? ስብርባሪው የት ወደቀ? ይህን ሁሉ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። የሌላውን መኪና ሰሌዳ፥ የመንጃ ፈቃዱንና የመድን ወረቀቱን ቍጥር፥ የምስክሮቹንም ስልክ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በደሴ ጉም ከወረደ በኋላ በማግስቱ ተመልሶ ምልክት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የቀኑ ነገር አለ። የንግድ ሕጉ በቍጥር 670 መድን ገቢው አደጋውን እንዳወቀ ወዲያው፥ ቢዘገይም ከ5 ቀን ሳያልፍ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ካልከለከለው በቀር። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሳለ ቢሮው የተዘጋበት ሰው ይህን ምክንያት ማቅረብ ይችል ነበር፤ በደኅናው ቀን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ማለት ግን ምክንያት አይሆንም። (ጦርነትን ካነሣን ዘንድ፥ የተለመደው የመኪና መድን ውል በጦርነት የደረሰን ጉዳት እንደማይሸፍን ማወቅ ለዚህ አካባቢ ሰው ከሌላው ይልቅ ይገባዋል።) ማስታወቂያውም በጽሑፍ ይሁን፤ የተቀበለው ሠራተኛ ቀንና ማኅተም ያኖረበት ግልባጭ በቤት ይቀመጥ። «በስልክ ነግሬአቸው ነበር» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ብዙ አይረዳም።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም ሽምግልና ነው። በወሎ ሁለት ነጂዎች ሲጋጩ ክርስቲያኑም እስላሙም ሽማግሌ ወዲያው ከመካከል ይገባል፤ «ይቅር ለእግዜር ተባባሉ» ይላል። ይህ የአገራችን ጌጥ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ይቅርታው ከልብ ወደ ወረቀት ሲሻገር ጥንቃቄ ያሻል። የንግድ ሕጉ በቍጥር 683 መድን ሰጪው ካሳውን ከከፈለን በኋላ በከፈለው መጠን በእኛ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። እኛ በመንገድ ዳር «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ብለን ከፈረምን ለድርጅቱ የሚተላለፈውን መብት አስቀድመን ሰጥተን ጨርሰናል፤ ድርጅቱም ይህን ይዞ «አልከፍልም» ሊል ምክንያት ያገኛል። እንደዚሁም «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም በብዙ ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ የተከለከለ ነው። ሰላም ይባባሉ፤ ቡናም በአንድነት ይጠጡ፤ ስለ ንብረቱ ግን «ድርጅቱን ጠይቀን» የምትለው ቃል ትቅር አይባልም። ሽማግሌዎቹም ይህን ቢያውቁ በጎ ነው፤ ዕርቅን አያፈርስምና።

ከኀፍረት የተነሣ መብቱን የሚተው ሰውም አለ። ነጂው ትንሽ ተዘናግቶ እንደ ሆነ «ጥፋቱ የራሴ ነው፥ ምን ብዬ እጠይቃለሁ» ይላል። ሕጉ ግን በቍጥር 663 መድኑ በመድን ገቢው ቸልተኝነት የደረሰውንም ጉዳት ይሸፍናል ይላል፤ የሚያስቀረው ሆነ ተብሎ የተደረገውን ነው። ስለዚህ እውነቱን እንደ ሆነው መናገር አያስጎዳም። የሚያስጎዳው ሐሰት ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ነድቶ ሳለ «አባት ነበር የነዳው» ማለት፥ በግል መኪና በክፍያ ሰው ሲጭኑ ቆይተው «ለቤት ጉዳይ ነበር» ማለት፥ ይህ በተገለጠ ጊዜ ጥያቄው ከነሥሩ ይነቀላል።

ጥገናው በሚጀመርበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ትግል ይመጣል። በብዙ ውሎች መሠረት መጠገን፥ መተካት ወይም በገንዘብ መክፈል የመድን ሰጪው ምርጫ ነው። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ባለመኪናው ጋራዡን ራሱ እንዲመርጥ በሕግ ተፈቅዶለታል፤ በእኛ አገር ግን ጉዳዩ ለውሉ የተተወ ነው። የተለመደው ሥርዐት ይህ ነው፤ የድርጅቱ መሐንዲስ ጉዳቱን አይቶ የሥራውን ዝርዝር ይጽፋል፤ ጋራዦች ዋጋ ያቀርባሉ፤ ብዙ ጊዜም ዝቅተኛው ያሸንፋል። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ጋራዥ ትርፉን ከየት ያወጣል? አዲስ ይለወጥ የተባለውን ኮፈን ቀጥቅጦና በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ከቀባው ዐይን አያውቀውም። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ማለታችን አይደለም፤ በደሴም በኮምቦልቻም እጃቸው የተባረከ ሐቀኛ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን ባለንብረቱ የመሐንዲሱን ዝርዝር ቅጂ በእጁ ካልያዘ፥ የትኛው ዕቃ እንዲለወጥና የትኛው እንዲቃና እንደ ተወሰነ በምን ያውቃል? ስለዚህ ይህን ቅጂ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። የሚያምነውን ጋራዥ ዋጋ ይዞ መቅረብና «ይህም ከሌሎቹ ጋር ይታይልኝ» ማለትም ነውር አይደለም። መኪናው ሲፈታ በመጀመሪያ ያልታየ ጉዳት፥ ለምሳሌ የሻንሲ መጣመም፥ የተገኘ እንደ ሆነ ሥራው ሳይሸፈን መሐንዲሱ ተመልሶ እንዲያየው በጽሑፍ ማሳሰብ ይገባል። መድን ሰጪው ሳያይ ጥገና ማስጀመር ግን ፈጽሞ አይሁን። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለድርጅቱ ስለሚመለስ፥ «አሮጌው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ዕቃው በእርግጥ መለወጡን የምናረጋግጥበት ብልኀት ነው።

በአሁኑ ዘመን ቤተ ሰቡን ይበልጥ የሚጎዳው ነገር ግን ከግጭቱ አስቀድሞ የተፈጸመ ነው፤ ይኸውም የዋጋው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ከፍ ብሏል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን በብዙ ቤት የቀድሞው ነው። መኪናው ዛሬ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ በ1,000,000 ብር መድን ተገብቶለት እንደ ሆነ፥ በሕጉ አስተሳሰብ ለግማሹ ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ ነው። ስለዚህ ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ ድርጅቱ 150,000 ብር ብቻ ይከፍላል፤ ከዚያም ላይ የመድን ገቢው ድርሻ ይቀነሳል። «ሙሉ መድን አለኝ» ያለው ሰው ግማሽ መድን እንደ ነበረው የሚያውቀው ያን ቀን ነው። ከልክ በላይ ማስጻፍም አይጠቅምም፤ በቍጥር 678 ካሳው ንብረቱ በአደጋው ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ተብሏልና። ባለ ሚኒባሱ ሌላም ይወቅ፤ መኪናው ቆሞ በዋለበት ቀን የቀረበት ገቢ በተለመደው ውል አይከፈልም፤ ከጥፋተኛው ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

የውል ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ያለ ትርጓሜ ሙሉ አይባልም፤ እኛም እንዲሁ እንላለን። በቤት ያለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ምሽት ተቀምጦ ውሉን ለወላጆቹ ቢያነብና ቢተረጕም፥ በተለይም «አይሸፈንም» የሚለውን ክፍል፥ ለእርሱም ጥሩ የእንግሊዝኛ ልምምድ ይሆነዋል።

በመጨረሻ ፊርማ ይጠየቃል። መኪናው ሲመለስ ጋራዡ «በሥራው ረክቻለሁ» የሚል ወረቀት፥ ድርጅቱም «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያቀርባሉ። ያለ ፊርማ መኪናው አይወጣም ሲባል ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። ከመፈረም አስቀድሞ ግን መኪናውን መንዳት ነው፤ ወደ ጦሳ ዳገት አንድ ጊዜ መውጣት፥ ቍልቍለቱንም ፍሬን እየያዙ መውረድ፥ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትት እንደ ሆነ ማየት፥ በርና ኮፈን መግጠማቸውን መፈተሽ። ጉድለት ቢገኝ በዚያው ወረቀት ላይ በእጅ ጽፎ መፈረም ይቻላል።

ድርጅቱ ካሳውን ቢከለክል ወይም ቢያሳንስ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተጻፈ ምክንያት ከውሉ አንቀጽ ጋር ሊመዘን ይችላል። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፥ ከዚያም የመድን ድርጅቶችን ወደሚቈጣጠረው ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ውሉ በግልግል ዳኝነት ይታይ የሚል ቃል እንዳለው አይቶ፥ ያም ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። ነገር ግን «ነገ ና» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከባለንብረቱ ይቈጠራል፤ በንግድ ሕጉ ቍጥር 674 ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለመብቱ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ይታገዳል። ከጥፋተኛው ነጂ በፍትሐ ብሔር የሚጠየቀውም ካሳ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ያለው ጊዜ ይኸው 2 ዓመት ነው።