ዕዳ በአዋጅ አይሰረዝም

«ዕዳህ ተሰብሯል!» የሚል አዋጅ በመድረኮቻችን ላይ በዝቷል። ከአዋጁ ቀጥሎ «ዘር ዝራ» ይባላል፤ ባለ ዕዳውም የቀረችውን ብር ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አበዳሪው ግን አሁንም እየጠበቀ ነው።

በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 ያለችውን መበለት እንመልከት። አበዳሪዋ ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርጋቸው መጥቶ ነበር። ኤልሳዕ በቤቷ ያለውን ጠየቃት እንጂ አልወሰደባትም። ከተአምሩም በኋላ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ማድጋ መዋስ፣ ዘይት መቅዳት፣ ገበያ መውጣት የእርሷ ድርሻ ነበር። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል።

ታዲያ ከሥራ መልስ ተማሪ የሚያስጠናውን መምህር፣ ሌሊት እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክበውን እህት «እምነት ጎደላቸው» የምንለው ከየት አምጥተን ነው? ከጸሎት ፕሮግራም ቀሩ ብለን ከምናማቸው ልጆቻቸውን ብንጠብቅላቸው ይሻላል።

እንጸልይ፤ ጌታም የእጃችንን ሥራ ይባርክ። አበዳሪያችንም ባልንጀራችን ነው፤ «ሃሌ ሉያ»ችንን ከመስማቱ በፊት ገንዘቡን መቀበል ይገባዋል።