የመንግሥት ሠራተኛው ዕረፍትና የገበሬው የሥራ ወቅት

በማሳው ላይ የታየውን ዋግ ለማሳየት ወደ ልማት ጣቢያ የሄደ ገበሬ «ሠራተኛው ዕረፍት ላይ ነው» ተብሎ ሲመለስ ማዘኑ አይቀርም። ቅሬታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዕረፍቱ በአለቃ ችሮታ የሚሰጥ ሳይሆን በአገልግሎት የሚገኝ መብት መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 አዲስ ተቀጣሪ 11 ወር ሳያገለግል የዓመት ዕረፍት እንዳያገኝ፣ አንድ ዓመት ያገለገለ 20 የሥራ ቀን ከነደመወዙ እንዲያርፍ፣ ከዚያም በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረለት 30 ሲሞላ እንዲቆም ደንግጎ ነበር። ሠራተኛው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥም አልፈቀደም፤ ዓላማው ሰው አርፎና ኃይሉን አድሶ እንዲመለስ ነውና። የክልል ሠራተኞች በየክልላቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ በየአካባቢው የሚሠራበትን የቀን ቁጥር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ስሌቱ በሥራ ቀን መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ቅዳሜና እሑድ ስለማይቆጠሩ 20 ቀን 4 ሳምንት፣ 30 ቀን ደግሞ 6 ሳምንት ይሆናል። 30 ቀን ያለው ነባር ሠራተኛ ሐምሌ 1 ቀን ቢወጣ እስከ ነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት አይመለስም፤ የጤፍ ዘር ያለ እርሱ አለፈ ማለት ነው። በመስከረም የተቀጠረ አዲስ ሠራተኛም 11 ወሩን የሚሞላው ሐምሌ ሲያልቅ፣ አረም በሚበረታበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከዕረፍቱ ሳይሆን ከጊዜው ነው። መፍትሔውም በዚያው አዋጅ ውስጥ ነበር። ዕረፍት የሚሰጠው የመሥሪያ ቤቱን ጥቅምና በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት አመዛዝኖ በሚወጣ ፕሮግራም መሆኑን፣ ሥራ ካስገደደም ኃላፊው ከ2 የበጀት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ሊያስተላልፈው እንደሚችል ደንግጎ ነበር። የገበሬው ሥራ የልማት ጣቢያው ዋና ሥራ ከሆነ፣ የእርሻው ወቅት በፕሮግራሙ ውስጥ ሊታሰብ ይገባዋል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ፕሮግራሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በግንቦት ወር፣ የአካባቢያቸውን የሥራ ወቅት በጽሑፍ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያቀርቡ ይበጃል። በመኸር ብቻ በሚታረስበት ደጋ ውቂያ ካለቀ በኋላ ጥርና የካቲት ሥራ ይቀልላል። በልግ አብቃይ በሆነ አካባቢ ግን የካቲትና መጋቢት የዘር ወቅት ነው፤ በበጋ መስኖ ስንዴ የሚያለማም ጥርን እንደ ዕረፍት ወር ሊቆጥረው አይችልም። አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለሁሉም አይስማማም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ጣቢያ በአንድ ጊዜ እንዳይወጡ፣ አንድ ብቻ ባለበትም ከአጎራባች ቀበሌ ተተኪ እንዲመደብ መጠየቅ የመሪዎች ድርሻ ነው። ሠራተኛው የሠራበትን ያርፋል፤ ገበሬውም በዘር ወቅት ባለሙያ አያጣም።