ትሉን ማን ይጠይቀው?

ባለፈው በጋ መቂ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ቲማቲሙን ሦስቴ ረጭቶ ትሉ አልሞት አለ። «ሻጩ መድኃኒቱን በርዞት ነው» አለኝ። እኔም ነገ ጋዜጠኛ ነኝና «ይኼማ ዜና ነው!» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። ገበሬውን አናገርኩ፣ ሻጩን አናገርኩ፣ ሚዛናዊ ሆንኩ አልኩ። ትሉን ግን የጠየቀ የለም።

ትሉ የቱታ አብሶሉታ እጭ ነው። እናቱ ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ናት። እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ ሙቀት ካገኘች በዓመት እስከ 12 ትውልድ ትተካለች። ትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ታየች፣ በ2012 አካባቢ ደግሞ እኛ ዘንድ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት እንደሚለው የሜዲትራኒያንን ዙሪያ የወረረችው እራት የመጣችው ከማዕከላዊ ቺሊ ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ መግቢያ። አገር ለአገር ተራርቀው ዘራቸው ግን እምብዛም አይለያይም ማለት ነው። የእኛዋም የዚያው ቤተሰብ ናት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች እንድትቋቋም የሚያደርጋትን የዘረመል ለውጥ በብራዚልም በአውሮፓም በብዛት አግኝቷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ንጹህ ሆኖም እራቷ መከላከያውን ከአያቶቿ ወርሳ መጥታ ሊሆን ይችላል። አጎቴ የረጫቸውን ጠርሙሶች አገላብጬ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ስማቸው ሦስት ዓይነት፣ ቤተሰባቸው ግን አንድ ፓይሬትሮይድ ነበር። የተበረዘ መድኃኒት የለም አላልኩም፣ አለ እንጂ። ሰውየውን ግን ያለ ማስረጃ ሌባ ላደርገው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የቲማቲም ሳጥን በአይሱዙ ተጭኖ ከዝዋይ መቂ፣ ሞጆ፣ አዳማ ይደርሳል። እጩም በፍሬው ውስጥ አብሮ ይሳፈራል። ስለዚህ «ዝዋይ ላይ ይኼ መድኃኒት አልሠራም» የሚለው ወሬ ለመቂም ለወንጂም ገበሬ ዜና ነው፤ ደግሞ ከሳጥኑ ቀድሞ መድረስ ያለበት ዜና። እኛ ግን የምንሰማውም የምንጽፈውም «የቲማቲም ዋጋ ናረ» ብቻ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው! ለተግባር ልምምድ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ለመሄድ ከምንሻማ ሁለት ሦስታችን እዚያ ብንመደብ፣ ተመራማሪ ማናገርንም እንለምድ ነበር።

ያ የመድኃኒት ሻጩ ዘገባዬ ደብተሬ ውስጥ ነው። ለመምህራችን አላስረከብኩትም።