የማን ታሪክ ነው? የ«ማይንክራፍት፦ ስቶሪ ሞድ» ተጫዋቾች ቅሬታ ስለ ትረካ የሚነግረን

ተጫዋቾች አንድን ቪዲዮ ጌም ጨርሰው የሚሰነዝሩት አስተያየት በጥናት ጽሑፎቻችን ውስጥ ብዙ ቦታ አይሰጠውም። «አጭር ነው»፣ «ቀላል ነው»፣ «ምርጫዬ ምንም አልለወጠም» የሚሉት ድምፆች እንደ ሸማች ቅሬታ ይቆጠራሉ። ቁም ነገሩ በሥራው ውስጥ እንጂ በተቀባዩ አንደበት አይገኝም የሚል፣ በግልጽ ያልተነገረ እምነት አለ። ይህ ጽሑፍ ያንን እምነት ይሞግታል። ማሳያ የሚያደርገውም «ማይንክራፍት፦ ስቶሪ ሞድ» የተሰኘውን፣ በተከታታይ ክፍሎች የቀረበ በትረካ ላይ የተመሠረተ ተቀጥላ ጨዋታ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ የተጫዋቾቹ ምላሽ ዋና ጥያቄ የጨዋታው ጥራት ሳይሆን የታሪኩ ባለቤትነት ነበር። ይህንን የተረዳ ተመራማሪ ቅሬታውን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ሊያነበው ይገባል።

ሁለት ሥራዎች፣ ሁለት ውሎች

«ማይንክራፍት» በስቶክሆልሙ ሞጃንግ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በተሟላ ይዘቱ ለገበያ ቀረበ። በ2014 ማይክሮሶፍት ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 የተሸጡት ቅጂዎች ከ300 ሚሊዮን ማለፋቸው ተገለጸ። ለክርክራችን ከእነዚህ አኃዞች ይልቅ የሚጠቅመን የጨዋታው ጠባይ ነው። ዓለሙ ከብሎኮች የተገነባ ነው፤ ተጫዋቹ ብሎኮቹን ይፈነቅላል፣ ይሰበስባል፣ መልሶ ይደረድራል። ዘንዶ ገድሎ የሚደርስበት መቋጫ ቢኖርም ወደዚያ እየመራ የሚወስደው ተራኪ የለም። ቤት የሠራ ቤቱን፣ ጉድጓድ የቆፈረ ጉድጓዱን ባኖረበት ያገኘዋል። የዋናው ጨዋታ ውል ይህ ነው፦ ያደረግኸው ነገር ይጸናል።

ተቀጥላውን የሠራው ቴልቴል ጌምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ግን ዝናውን ያገኘው በሌላ ውል ነበር። በ2012 ባወጣው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ተጫዋቹ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ምን እንደሚናገርና ከማን ወገን እንደሚቆም ይመርጣል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ የተባለውን እንደሚያስታውስ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍም በማሳያው ጥግ ብቅ ይላል። ትልሙ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ለተጫዋቹ የተተወለት በዚያ ትልም ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚያልፍ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) የ«ስቶሪ ሞድ» የመጀመሪያ ክፍል ሲወጣ እነዚህ ሁለት ውሎች በአንድ ሥራ ውስጥ ተገናኙ። ጄሲ የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ እንደ ተጫዋቹ ምርጫ ወንድ ወይም ሴት ይሆናል፤ ከጓደኞቹና ሩበን ከተባለው አሳማው ጋር ሆኖ ዓለምን የሚውጥ ጭራቅ ለማሸነፍ የጥንት ጀግኖችን ፍለጋ ይወጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ለአምስት ክፍሎች ታቅዶ በኋላ ሦስት ተጨመሩለት፤ በ2017 ሁለተኛ ምዕራፍ በሌሎች አምስት ክፍሎች ተከተለ።

«ምርጫዬ ምንም አልለወጠም»

በተደጋጋሚ የተሰማው ወቀሳ ይህ ነበር። መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ተጫዋቹ ከሁለቱ ጀግኖች ከማግነስና ከኤሌጋርድ የትኛውን ቀድሞ እንደሚፈልግ ይወስናል፤ በውሳኔውም መሠረት ሁለተኛው ክፍል በተለያየ ሥፍራ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ መንገዶች ብዙም ሳይርቁ ይገናኛሉ፤ ማንም በየትኛው ቢሄድ ወደ አንድ ውጊያ ይደርሳል።

ለዚህ የአሠራር ምክንያት አለው። አንድ ታሪክ በአሥር ቦታዎች ላይ በየጊዜው ለሁለት ቢከፈልና ቅርንጫፎቹ ፈጽሞ ባይገናኙ 1,024 የተለያዩ ፍጻሜዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ መጻፍ፣ መሳልና በተዋናይ ድምፅ መቀረጽ አለበት። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች መንገዱን ለጥቂት ጊዜ ከፍለው መልሰው ያገናኙታል። ይህም የ«ስቶሪ ሞድ» ብቻ ሳይሆን የቀደሙት የስቱዲዮው ሥራዎች ባሕርይ ነበር።

ታዲያ ወቀሳው እዚህ ላይ የተለየ ትርጉም የሚያገኘው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በዋናው ጨዋታ ውል ውስጥ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ክፍል የግንባታ ውድድር አለ፤ ተጫዋቹ ምን ዓይነት ሐውልት እንደሚቆም ከቀረቡለት አማራጮች ይመርጣል፤ ሐውልቱ ግን በተዘጋጀ ትዕይንት ራሱ ይቆማል። በ«ማይንክራፍት» ያደገ ሰው እያንዳንዷን ብሎክ በራሱ እጅ ማኖር ለምዷል። አሁን እጁ ታስሮ ሌላው ሲገነባ እንዲመለከት ተጠየቀ። ስለዚህ «ምርጫዬ ምንም አልለወጠም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ቅርንጫፎች ብዛት የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ደራሲ የነበረ ሰው ወደ አንባቢነት ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ጃኔት መሪ በ1997 ባሳተመችው መጽሐፏ ከዲጂታል ትረካ ከምናገኛቸው ደስታዎች አንዱ ትርጉም ያለው ድርጊት ፈጽሞ ውጤቱን ማየት መሆኑን አስረድታለች። የመዝጊያ ቁልፍ መጫን ብቻውን ይህንን አይሰጥም። ንድፈ ሐሳቡ ለምሁራን የታወቀ ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን መጽሐፉን ሳያነቡ ያንኑ ልዩነት በራሳቸው ቃል ለይተውታል። የእነርሱን ቃል ሂስ ብዬ የምጠራውም ስለዚህ ነው።

የአሳማው ሞት

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምላሹ ቀላል የብስጭት ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን በታኅሣሥ 2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው አራተኛ ክፍል ሩበን ይሞታል። ተጫዋቹ ቀደም ሲል ምንም ቢመርጥ፣ አሳማውን ቢንከባከበው ወይም ችላ ቢለው፣ ሞቱን ማስቀረት አይችልም። ይህ በተከታታዩ ውስጥ ምርጫ ፍጹም ከንቱ የሆነበት ቦታ ነው። እንደ ወቀሳው አመክንዮ ብንሄድ ከሁሉ የበለጠ ቁጣ የሚጠበቀው እዚህ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ ብዙዎች ከተከታታዩ ሁሉ ልባቸውን የነካው ቅጽበት አድርገው የሚያነሡት ይህንኑ ሞት ነው።

ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ የሚያደርገው በዋናው ጨዋታ ውስጥ አሳማ የምግብ ምንጭ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ይገድለዋል፤ በቦታው ሥጋ ይወድቅለታል፤ አንሥቶ ይበላዋል። ሩበንም ሲሞት በጭስ ተንኖ የሚተወው ያንኑ ቁራጭ ሥጋ ነው። ስንት አሳማ አርዶ የበላ ተጫዋች በዚህች ቁራጭ ፊት ያዝናል። ተቀጥላው ከዋናው የወረሰውን ሕግ ሳይለውጥ ትርጉሙን ብቻ ለወጠው።

ሁለቱ ምላሾች፣ የምርጫው ወቀሳና የሩበን ኀዘን፣ የሚጋጩ ይመስላሉ። የሚታረቁት ሁለት ዓይነት ባለቤትነት እንዳለ ስናስተውል ነው። አንደኛው የድርጊቱ ባለቤትነት ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የሚሆነውን የሚወስነው ማነው? ሁለተኛው የአቋም ባለቤትነት ነው፤ ለሚሆነው ነገር እንዴት ያለ ሰው ሆኜ እቆማለሁ? የሩበን ሞት የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ይነፍጋል፤ ሁለተኛውን ግን ይሰጣል። ተጫዋቹ አሳማውን ለአራት ክፍሎች አብሮት ይዞ ዞሯል፤ በየአጋጣሚው ስለ እርሱ ተናግሯል። ኀዘኑ የእርሱ ነው።

የሥነ ቃል ተማሪዎች ይህንን ልዩነት ከማንም በፊት ሊያውቁት ይገባል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የተረቱን ፍጻሜ በምንም አይለውጥም፤ ጅቡ ያው ይሞኛል፤ ጦጣይቱም ታመልጣለች። ሆኖም መልስ ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። አድማጩ ትልሙን ባይወስንም ለመተረኩ ፈቃዱን ሰጥቷል፤ በዚያም የታሪኩ ተካፋይ ሆኗል። የ«ስቶሪ ሞድ» ምርጫዎች ጥሩ ሲሆኑ እንደ «የላም በረት» ናቸው። መጥፎ የሚሆኑት የታሪኩን መንገድ እንደሚወስኑ ተደርገው ቀርበው ተጫዋቹ ኋላ መልስ ብቻ እንደነበሩ ሲደርስበት ነው። ጥፋቱ ያለው በምርጫው መጥበብ ሳይሆን በተገባው ቃል ላይ ነው።

መቶኛ የማይናገረው

በየክፍሉ ማብቂያ ጨዋታው ከተጫዋቾች ምን ያህሉ አንተ የመረጥኸውን እንደመረጡ በመቶኛ ያሳያል። ለተመራማሪ ይህ እንደ ተዘጋጀ መረጃ ሆኖ ያጓጓል። እኔ ግን በእርሱ ላይ ብቻ መመርኮዝ ያሳስታል እላለሁ። መቶኛው ምን እንደተመረጠ እንጂ ለምን እንደተመረጠ አይናገርም። ከጓደኝነት የተነሣ የመረጠውንና ሰዓቱ ስላለቀበት ያገኘውን የተጫነውን በአንድ ረድፍ ይቆጥራቸዋል። ከሁሉ በላይ፣ ከቀረቡት አማራጮች አንዱንም ያልወደደ ተጫዋች በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። እርሱን የምናገኘው በተናገረው ቃል ውስጥ ብቻ ነው።

የአቀራረቡ ተከታታይነትም ሊዘነጋ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአሥር ሳምንታት ውስጥ ወጡ፤ አምስተኛው እስከ መጋቢት 2016 ቆየ። በሁለተኛው ክፍል ማግሥት የተነገረ ቅሬታ ፍጻሜውን ሳያውቅ የተነገረ ነው፤ ተስፋም አለበት። ስምንቱንም ክፍሎች በአንድ ሳምንት የጨረሰ ሰው ያንን ተስፋ አያውቀውም። ሁለቱን አስተያየቶች እንደ አንድ ዓይነት መረጃ መቁጠር የጊዜን ሚና መርሳት ነው።

ሥራው ሲጠፋ

በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) ቴልቴል አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ የመጀመሪያው ምዕራፍ አምስት ክፍሎች በኔትፍሊክስ ላይ ተመልካቹ በርቀት መቆጣጠሪያ እየመረጠ የሚከታተላቸው ሆነው ቀረቡ። በሰኔ 2019 ጨዋታው ከዲጂታል መደብሮች ተነሣ፤ ገዝተው የነበሩ ሰዎችም ያላወረዷቸውን ክፍሎች ከቀኑ በፊት እንዲያወርዱ ተነገራቸው። የኔትፍሊክሱ ቅጂም በ2022 መጨረሻ ወረደ።

በዚህ ጊዜ የባለቤትነት ጥያቄው ሦስተኛ መልክ ያዘ። መጀመሪያ «ድርጊቱ የማን ነው?»፣ ቀጥሎ «ስሜቱ የማን ነው?» ሲባል የነበረው አሁን «ዕቃው ራሱ የማን ነው?» ሆነ። ዋጋ ከፍሎ የገዛው ሰው የገዛው መጽሐፍ ሳይሆን ፈቃድ እንደነበረ ዘግይቶ ተረዳ። ያደረግኸው ነገር ይጸናል ብሎ ካሳደገው ጨዋታ የተቀጠለው ሥራ፣ ራሱ ሳይጸና ቀረ።

ለተመራማሪው ይህ ተግባራዊ ውጤት አለው። ዛሬ ስለዚህ ሥራ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከመደብር ሊገዛው አይችልም። ቀድሞ የወረዱና በዲስክ የተሸጡ ቅጂዎች በየግለሰቡ እጅ ቢኖሩም፣ ለብዙዎች የሚቀረው መንገድ ተጫዋቾች ሲጫወቱ ቀርጸው ያስቀመጧቸው ቪዲዮዎችና የጻፏቸው አስተያየቶች ናቸው። ምላሹ ከሥራው በላይ ዕድሜ አገኘ። ስናጣጥለው የነበረው «ጫጫታ» ዋናው ምንጭ ሆነ።

ተቃውሞዎችና ምክር

ከባልደረቦቼ የምሰማቸው ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ አስተያየት የሚሰጡት በጣም የተደሰቱና በጣም የተቆጡ ብቻ ናቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ምላሾቹን እንደ ድምፅ ቆጠራ መደመር አይገባም። ሂስ ግን በቁጥር አይመዘንም፤ አንድ ሰው በትክክል የለየው ጉድለት ሺህ ሰው ዝም ስላለ አይሰረዝም። ሁለተኛው፣ ጨዋታው በአመዛኙ ለልጆች የተሠራ ሆኖ ሳለ በጽሑፍ የምናገኘው የአዋቂዎችን ቃል ነው የሚል ነው። ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። ለሩበን ያለቀሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሂስ አልጻፈም። እርሱን ለማግኘት ቃለ መጠይቅና ምልከታ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ግን ዝምታውን እንደ እርካታ መቁጠር የለብንም።

በዚህ መስክ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን እመክራለሁ። የምትሰበስቡት ምላሽ ከስንተኛው ክፍል በኋላ እንደተሰጠ መዝግቡ። ራሱ ተጫውቶ የተናገረውን ሌላ ሰው ሲጫወት ከተመለከተው ለዩ፤ የሁለቱ ባለቤትነት አንድ አይደለምና። ተጫዋቹ «ተታለልሁ» ሲል ደግሞ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ በቅድሚያ ምን ቃል እንደተገባለት ጠይቁ። በ«ስቶሪ ሞድ» ረገድ ያንን ቃል የገባለት ተቀጥላው ብቻ አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዋን ብሎክ ባኖረበት ቀን ዋናው ጨዋታ ገብቶለት ነበር።