ስለ ንዳድና ስለ «ዋናው መፍትሔ»

ለዘንድሮው የክረምት አገልግሎት በተሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ ምን እንሥራበት ሲባል፣ የማኅበራችን ክርክር ሁለት ምሽት ሙሉ ፈጀ። የምንሄድበት ወረዳ ቆላ ነው። የአገሩ ጠላት ወባ፣ አባቶቻችን ንዳድ የሚሉት በሽታ፣ እንደ ሆነ ማንም አልተጠራጠረም። የተጣላነው በመድኀኒቱ ነው። አንዱ ወገን ገንዘቡ ሁሉ አጎበር ይገዛበት አለ፤ ሁለተኛው ኪኒን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ሦስተኛው ረግረጉ ሳይደፈን ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሁሉም «ዋናው መፍትሔ» የሚለውን ቃል ይደጋግሙ ነበር። እኛ የምንቃወመው ይህንኑ ቃል ነው።

በዚህ ቃል ዓለም አስቀድሞ ተፈትኗል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1955 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን) ወባን ለማጥፋት ዘመቻ ሲያውጅ፣ ትልቁ ተስፋው ዲ.ዲ.ቲ. ነበር። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ግድግዳው መርዝ ከተረጨበት ትሞታለች። በአገራችንም በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ መርጫ የተሸከሙ ሠራተኞችም በየገጠሩ ተሰማሩ። ብዙ ነፍስ አተረፉ። ነገር ግን በብዙ ቦታ ትንኟ መርዙን መልመድ ጀመረች፤ በ1969ም የዓለም የጤና ጉባኤ ያንን የዘመቻ ስልት ለመከለስ ተገደደ።

የኪኒኑም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ክሎሮኪን ርካሽና ጥሩ መድኀኒት ነበር፤ ተሕዋሲው ለመደውና አገራችን በ2004 ለከባዱ የወባ ዐይነት ኮአርተምን መረጠች። ሌላው ዐይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ በሽተኛው ድኛለሁ ካለ በኋላ እንደ ገና ይነሣበታል፤ ለእርሱ ሌላ ኪኒን ያስፈልጋል።

አጎበር ብቻ የሚሉት ወዳጆቻችን ደግሞ ድሬ ዳዋን ይመልከቱ። ከእስያ የመጣች አንዲት የወባ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህች እንግዳ ረግረግ አትጠብቅም፤ በከተማ መካከል በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬ ዳዋ ላይ ወባ ሲበረታ፣ ከታመሙት መካከል እንደኛው ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በርሜል መክደን የሐኪም ሥራ ነውን? የውሃ ቧንቧው በየቀኑ ቢፈስስ ኖሮ ሕዝቡ ውሃ በበርሜል ባላጠራቀመ ነበር። ይህ የምህንድስና ተማሪዎች ጉዳይ ነው። የእርሻ ተማሪዎችም አያመልጡም፤ ቡሬ አካባቢ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ በኩሬ ላይ የሚረግፈው የበቆሎ ጽጌ ብናኝ የትንኟን እጭ ይመግባል። በቆሎውን ከደጅ ትንሽ ማራቅ እንኳ አንድ መሣሪያ ነው ማለት ነው! ግብፆች በ1920ዎቹ ሩዝ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ እንዳይዘራ ከልክለው ነበር። ወባ ከአገራቸው እንደ ጠፋ የዓለም የጤና ድርጅት የመሰከረላቸው ግን በጥቅምት 2024 ነው፤ በመካከሉ ያለው መቶ ዓመት ያህል ምርመራው፣ ሕክምናውና ትንኝ ማጥፋቱ ጎን ለጎን የተሠራበት ነው። በዚያው ዓመት በእኛ አገር ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ በሽተኛ ተመዝግቦ ነበር።

የተቃዋሚዎቻችን አንድ ክርክር ግን ቁም ነገር ያለው ነው። «ጥቂቱን ገንዘብ ለአምስት ነገር ብትበትኑት አንዱም አይሞላ» ይላሉ። እውነት ነው። እኛም ገንዘቡ እንደ ድግስ ዳቦ እኩል ይቆረስ አላልንም። የምንለው፣ የእኛ ሥራ ሌላው ከሚሠራው ጋር ይጋጠም ነው። ወረዳው ጤና ኬላ አለው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉት። አጎበር ተከፋፍሎ ከሆነ ሌላ አጎበር ጭነን መሄዳችን ምን ይጠቅማል? ምናልባት የጎደለው ውሃ የሚያፋስስ ጉልበት ይሆናል፤ ምናልባትም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሜዳ ላይ ስለሚያድር ቤት መርጨቱ አይደርሰው ይሆናል። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ በእጅ ብልጫ መወሰን አይቻልም። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሆነ ብለን ትተነዋል፤ በየስብሰባው ተነግሮ አልቋል።)

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ግዢው ለጊዜው ይቆይ። ከሕክምና፣ ከምህንድስና፣ ከእርሻና ከማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት አንዳንድ ሰው ተመርጦ ሰኔ ሳይገባ ወረዳው ድረስ ሄዶ ይይ፤ ከጤና ኬላው ሰዎችና ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገር፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። የሦስቱ ክፍሎች ስም ዝርዝር ደርሶናል። የምህንድስና ተማሪዎች እስካሁን ሰው አልላኩልንም።