ለስኳር ሕሙማን የሚደክሙትን ስለ ማመስገን



በአገራችን አንድ ሰው በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ ብቻውን አይቀርም። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹም ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ከቤቱ ተሰብስበው ያነጋሉ። ይህ እጅግ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ሰው ገና በሕይወት ሳለ ቢታመም፥ ሕመሙም የአንድ ሰሞን ሳይሆን የዕድሜ ልክ ቢሆን፥ ከአጠገቡ የሚቆመው ማን ነው? የሚቆመውንስ ሰው ማን ያመሰግነዋል? ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት የወደድነው ነገር ይህ ነው።

የስኳር በሽታ የሚመጣው ቆሽት የሚባለው የውስጥ አካል ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ሲያቅተው፥ ወይም ሰውነት በኢንሱሊኑ መጠቀም ሲሳነው ነው። በዚህ ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕመምተኛውንም ውሃ ውሃ ይለዋል፥ ሽንቱ ይበዛል፥ እየበላም ይከሳል። በዐዋቂዎች ላይ የሚበዛው ዓይነት በምግብ ጥንቃቄ፥ በእንቅስቃሴና በሚዋጥ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይገታል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በጐልማሳነት የሚጀምረው ዓይነት ግን ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖርን አይፈቅድም።

ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ በኋለኛው ዓይነት የተያዘ ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ሐኪሞችም ምግብ እየከለከሉ ጥቂት ጊዜ ከማቆየት በቀር የሚረዱበት መንገድ አልነበራቸውም። በ1921 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ለይተው አወጡ። በ1922 መጀመሪያ ሊዮናርድ ቶምሶን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ የመጀመሪያው መርፌ አልተስማማውም፤ ጄምስ ኮሊፕ መድኃኒቱን ይበልጥ አጣርቶ ሁለተኛ በተወጋ ጊዜ ግን በረታ፥ 13 ዓመትም ኖረ። እነዚህ ሰዎች የግኝታቸውን መብት በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ በአንድ ዶላር ብቻ ለቀቁ። ባንቲንግ የተወለደበት ቀን፥ እርሱም በእኛ ኅዳር 5 የሚውለው፥ ከ1991 ጀምሮ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2006 ተቀብሎታል።

ለመድኃኒቱ አውጪዎች ይህ ክብር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በእግሩ ሄዶ ከሕመምተኛው ቤት አይደርስም፤ ከደረሰም በኋላ በየቀኑ የሚያስታውስ፥ የሚጠብቅና የሚያጽናና ሰው ይሻል።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። በአርሲ፥ በመርቲ ወረዳ፥ ከአቦምሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ አለች እንበል። እናቷ ጧትና ማታ መርፌውን ትወጋታለች። በቤታቸው ማቀዝቀዣ ስለሌለ፥ በከተማው ያለ አንድ ባለ ሱቅ ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከለስላሳው መጠጥ አጠገብ ያስቀምጥላቸዋል። የተከፈተውን ደግሞ አያቷ እርጥብ አሸዋ በተደረገበት እንስራ ውስጥ፥ ውሃ እንዳይነካው ሸፍነው፥ ያኖሩታል። ወደ አሰላ የሚመላለስ ሾፌር በአቦምሳ መድኃኒቱ ሲጠፋ ገዝቶ ያመጣል። መምህሯም በትምህርት ሰዓት ጥቂት እንድትቀምስ ይፈቅድላታል። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ አይቀበሉም፤ ስማቸውም በማናቸውም መዝገብ አይገኝም። ከመካከላቸው አንዱ ቢጐድል ግን የልጅቱ ሕይወት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አደጋ ሊደርስ ይችላል።

የእንስራውም ነገር እንደ ተራ ልማድ አይናቅ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሰሜን ኬንያ የስደተኞች ሰፈር ያለውን ሙቀት መነሻ አድርገው በ2021 ያሳተሙት ጥናት፥ ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ሲመላለስ የሰነበተ ኢንሱሊን እስከ አራት ሳምንት ድረስ ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳይቷል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ተስፋ አይቁረጥ፤ ነገር ግን አያያዙን ከሐኪሙ ወይም ከነርሷ ይጠይቅ።

የቅርብ ሰው ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የደሙ ስኳር በድንገት ሲወርድ ነው። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ነገሩም ይዛባል። የማያውቅ ሰው ያየው እንደ ሆነ «ሰክሯል» ወይም «ዛር ይዞታል» ብሎ ያልፈዋል። የሚያውቅ ጎረቤት ግን ፈጥኖ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጣፋጭ ሻይ ያጠጣዋል፤ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ትን እንዳይለው በአፉ ምንም ሳይጨምር ወደ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። በአንድ ብርጭቆ የስኳር ውሃ ነፍስ የሚያድን ጎረቤት ከታላላቅ በጎ አድራጊዎች እንዴት ይለያል?

እንዲህ ያለው ድጋፍ ተደራጅቶ ሲሠራበት ፍሬው ብዙ መሆኑን አገራችን ራሷ አይታለች። በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ የገጠር ሕሙማን ለመድኃኒታቸው ከሩቅ እየተጓዙ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ይመጡ ነበር፤ በመንገዱ ርዝመትም ሕክምናውን የሚያቋርጡ ነበሩ። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከውጭ አገር ወዳጅ ሐኪሞች ጋራ ተባብረው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሉትን ነርሶች አሠለጠኑ፤ ሕመምተኛውም በሰፈሩ አቅራቢያ የሚታይበት መንገድ ተከፈተ። ይህን የመሰለ ሥራ በጅማም ተሠርቷል። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስኳር ሕሙማን ማኅበርም ሕሙማኑንና ቤተ ሰቦቻቸውን በማስተማር የሚደክም ነው። ስለዚህ ምስጋና የምናቀርብላቸው ሰዎች በሐኪም ቤትም፥ በማኅበርም፥ በየጎረቤቱም ይገኛሉ።

ምስጋናውስ እንዴት ይሁን? በዚህ ነገር ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብለን እናስባለን።

አንደኛው፥ ረዳቱን ስናመሰግን የታማሚውን ምስጢር እንዳንገልጥ ነው። ስለ ትዳሯና ስለ ሥራዋ ሠግታ ሕመሟን የደበቀች ልጃገረድ ትኖራለች። «እገሌ የእገሊትን መድኃኒት እያመላለሰ ረዳት» ብሎ በአደባባይ መናገር ለአንዱ ሽልማት፥ ለሌላይቱ ሐዘን ሊሆን ይችላልና፥ አስቀድሞ የታማሚው ፈቃድ ይጠየቅ።

ሁለተኛው፥ ምስጋናው ሸክም የሚያቀልል ይሁን። ለብዙ ዓመት ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ልጇን ስታይ ለኖረች እናት፥ ከነጭ ሸማ ሽልማት ይልቅ መርፌውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ከቤቷ መገኘቱ ይበልጥባታል። አንድ ሌሊት ሳትሠጋ ተኝታ ብታድር ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ተቀበለች ማለት ነው።

ሦስተኛው፥ ረዳት ዳኛ አይሁን። በግብዣ ላይ «አንተ ይህን አትብላ» እያለ በሰው ፊት የሚገሥጽ ወዳጅ፥ አሳቡ ቅን ቢሆንም፥ ታማሚውን ከማዕድ ያርቀዋል። ብልህ ወዳጅ ግን የራሱንም ምግብ አስተካክሎ አብሮት ይበላል።

በአርሲ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን የሚኖሩ ስለ ሆነ፥ በጾም ወራት የካህናትና የሼሆች ቃል ብርቱ ኃይል አለው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር የሚመክር የሃይማኖት አባት፥ ጸበል የሚሄደውንም «መድኃኒትህን አታቋርጥ» የሚል አባት፥ እርሱም ከእነዚህ በጎ ፈቃደኞች ጋራ ይቈጠራል።

በሹመትና በኀላፊነት ላይ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ የምታደርጉት ቀላል ነገር አለ። የቢሮ አለቃ ለሠራተኛው የሐኪም ቀጠሮ ሳያጕረመርም ፈቃድ ይስጥ፤ መርፌውንም የሚወጋበት ንጹሕ ስፍራ ያዘጋጅለት። የትምህርት ቤት ዲሬክተር የታመመውን ልጅ መምህራኑ እንዲያውቁት ያድርግ። የእድር ዳኛም፥ አባሎቹ ከተስማሙ፥ ለቀብር ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለሕያዋን መድኃኒትና መጓጓዣ ይመድብ። ከሞተ በኋላ ድንኳን የሚተከልለት ሰው፥ በሕይወቱ ሳለ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ቢገዛለት ድንኳኑ ሳይዘረጋ ብዙ ዘመን ሊቈይ ይችላልና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የስኳር ሕመም ለአንድ ሰው፥ ወይም ለአንዲት እናት ብቻ፥ የተተወ እንደ ሆነ ሸክም ነው፤ ባለ ሱቁ፥ መምህሩ፥ ሾፌሩና ጎረቤቱ የተካፈሉት እንደ ሆነ ግን የመንደሩ ጌጥ ይሆናል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ኅዳር 5 እስኪደርስ ሳትጠብቁ፥ ዛሬ ማታ በሰፈራችሁ አንድ ታማሚ የሚያስታምም ሰው አስቡ። ወደ ቤቱም ሄዳችሁ «እግዜር ይስጥልን» ካላችሁ በኋላ፥ «ነገ በአንተ ፈንታ የምሠራው ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የምስጋና ፍጻሜው ይህ ነው።